ወዳጆ ያስቀደማት የጨው መኪና

ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ላቫጆ ከተከፈተ ሰንበትበት ብሏል። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ይታጠባል፣ ሚኒባስ ይታጠባል፣ የውሃ መግፊያው ሞተር ሲንጣጣ ይውላል። እኔም ለምጄዋለሁ፤ ዝም ያለ ዕለት ነው ቀና ብዬ የማየው። ባለፈው ሰሞን ግን ከገበያ ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ አንድ ከባድ መኪና ቆሞ አየሁ። ከአፋር በኩል ጨው ጭኖ መጥቶ፣ ቆቦ አራግፎ፣ ባዶውን የቆመ ነው። የላቫጆው ሠራተኛ ጋቢናውንና ጎማውን በአረፋ ያሽሞነሙነዋል። ውሃው ከካሶኔው፣ ከጭነቱ ሳጥን፣ ጣውላ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ እግሬ ወረደ፤ ከውሃው ጋር የረጠበ ጨው፣ የዛገ ብረትና የናፍጣ ሽታ አብሮ መጣ። ሽንኩርቴን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ።

«ከሥሩስ?» አልኩ ሳላስበው።

ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን ያያል። «ምን አሉኝ እማማ?»

«ከሥሩስ አታሳጥበውም ወይ? ጨው እኮ ወደ ታች ነው የሚወርድ።»

ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እርስዎ ደግሞ መኪና ነበረዎት እንዴ?»

«ነበረኝ» አልኩትና አስፋልቱን ተሻገርኩ።

ቤቴ ገብቼ ሽንኩርቱን መደቡ ላይ አኖርኩት። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ አልከተፍኩትም። ለአንድ አፍ ወጥ መሥራት ክንድ ያዝላል። በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩና የዳለቻን ነገር ሳስብ ዋልኩ።

ዳለቻ መኪናችን ናት። ኤንትሬ የሚሏት የድሮ ከባድ መኪና ነበረች፤ ቀለሟ አመድማ ስለሆነ ባለቤቴ ወዳጆ በአባቱ በሬ ስም ዳለቻ አላት። የራያ ሰው ነውና የሚወደውን ሁሉ በከብት ስም ይጠራል። ሲያገባኝ ገና የሰው መኪና ነበር የሚነዳው፤ ዳለቻን የገዛናት እሱ ከደመወዙ፣ እኔ ከስፌቴ ቆጥበን፣ የአባቱን ከብት ሸጠን ነው። እኔ የልብስ ስፌት መኪና ነበረኝ። ጊዜው ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ወንዱ ሁሉ ሱሪውን ከታች እንደ ጥሩምባ አስፍቶ የሚያሰፋበት ነበር። ቤልቦተም ይሉታል። ከደሴ የመጣ ቴትሮን ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ «ፋንታዬ፣ ጫማዬን ይሸፍንልኝ» ይሉኛል፤ እኔም አስፋልቱን እንዲጠርግ አድርጌ እሰፋላቸዋለሁ። ዛሬ አላፊ አግዳሚውን ሳይ ሱሪው ሁሉ እግር ላይ የተጣበቀ ነው፤ ጨርቅ ተወዷል መሰለኝ። ያኔ ቆቦ መሐል፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ፣ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ራዲዮኑ መስኮቱ ላይ ይቀመጥና አምባሰል ሲመጣ ባለቤቱ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። እኔ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ በእግሬ መኪናውን እየረገጥኩ፣ ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ፣ አብሬ አንጎራጉራለሁ። ሻይ ቤቱም ራዲዮኑም የሉም፤ በቦታው የስልክ ካርድና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል።

ወዳጆ የሚመላለሰው ዓሰብ ነበር። የቆቦን ጤፍና ማሽላ ወደ ደሴ ያደርሳል፤ ከዚያ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ባሕር ይደርስና ጨው ጭኖ ይመለሳል። ዓሰብ ያኔ ሩቅ አገር አልነበረም። «ወዳጆ የት ሄደ?» ሲሉኝ «ዓሰብ» የምለው ጎረቤታችንን ሮቢትን እንደምል አድርጌ ነው። ስለ ሙቀቱና ስለሚያያቸው ነገሮች ብዙ ያወራልኝ ነበር፤ ሹፌሮቹ መሪው እጃቸውን እንዳይፈጀው ጨርቅ እንደሚጠቀልሉበት፣ ባሕሩ ዳር የተቆለለው ጨው ዓይን እንደሚያጠፋ። እኔም ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሆን እንዲህ እያልኩ እዘፍንለት ነበር፤

ዓሰብ ነው መንገዱ ፀሐይ ያነደደው፣
ደመናውን ሰፍቼ በማን እጅ ልላከው።

ጨው ለሰው ቅመም ነው፤ ለብረት ግን ምስጥ ነው። ይህን የተማርኩት ከወዳጆ ነው። ጨው ጭኖ ሲመጣና ሲያራግፍ ቤት አይገባም። እኔ ከሱቅ እወጣና ጋቢና ውስጥ ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ ሮቢት ወርደን ጎሊና ወንዝ ውስጥ እንገባለን። ጎሊና በበጋ ቀጭን ናት፤ አሸዋው ሰፊ፣ ውሃዋ ግን ጠራ ያለ። ዳለቻን ድንጋያማው ላይ ያቆማትና ጎማዋን በታኮ ያስይዛታል። ከዚያ መጀመሪያ ካሶኔውን በመጥረጊያ እንጠርጋለን፤ ጣውላው መሐል የገባችውን እያንዳንዷን የጨው ፍሬ በሽቦ እንቆፍራለን። ቀጥሎ ውሃ ነው፤ እኔ በባልዲ እየቀዳሁ አቀብላለሁ፣ እሱ በጀርባው ተኝቶ ከሥር ይረጫል። ሻንሲውን፣ የመኪናዋን አጥንት ማለት ነው፣ ጭነቱን የሚሸከመውን የባሌስትራ ብረት፣ የፍሬኑን ቱቦ፣ የባትሪውን ቤት። «ጨው የሚደበቀው ሰው በማያይበት ነው» ይለኛል ከሥር ሆኖ። ፀሐይ እስኪያደርቃት ድረስ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ቆሎ እንበላለን። ስትደርቅ የተቃጠለ ዘይት በብሩሽ ይቀባታል፤ መገጣጠሚያዋን በግራሶ ይሞላታል። ሹፌሮች ሲያልፉ ጥሩምባ እየነፉ «ወዳጆ፣ ሙሽራህን አጠብካት?» ይሉታል። እኔን ይሁን መኪናዋን ማለታቸው አይታወቅም። ልጅ አልሰጠንም። ሰው ስለዚያ ሲያወራ እሰማ ነበር፤ ጎሊና ውሃ ውስጥ ቆሜ ግን አንድም ቀን ጎደለኝ ብዬ አላውቅም።

ዳለቻን በገዛናት ሰሞን፣ ገና አዲሳችን ሳለች፣ አንድ ጊዜ ደጋ ወጥቼ አውቃለሁ። ታኅሣሥ ነበር። የጋሸና ነጋዴ ጨው አዝዞ ወዳጆ ከወልዲያ ወደ ላይ፣ በድልብ አድርጎ ሊወጣ ሆነ። «እኔም ልይ» አልኩት። እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን የሱፍ ባና ጠቅልዬ ያዝኩ። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ብርድ ማለት ለኔ ዝናብ ሲዘንብ በር መዝጋት ነው። ድልብን ስንወጣ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ጋሸና ስንደርስ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ሰዉ ግን ከዓይኑ በቀር ተሸፋፍኗል። ወዳጆ ከመኪናው እንደ ወረደ ያደረገው ነገር የራዲያተሩን ውሃ ማፍሰስ ነው።

«ምን ሆንክ? የደከምንበትን ውሃ ታፈሳለህ?» አልኩት።

«እዚህ ሲያድር በረዶ ይሆናል። በረዶ ከሆነ ራዲያተሩን ይሰነጥቀዋል።» ቀጥሎ ወደ ጋቢናው ዞረና ባናዬን አወጣ። ኮፈኑ ላይ ሊያለብሰው ሲዘረጋው ጮህኩ።

«የእናቴን ባና! ለብረት?»

«ነገ ቤታችን የሚያስገባን ብረቱ ነው» አለ፤ ባናውን በሲባጎ ጠፍሮ አሰረው። እኔ ተኮሳትሬ ቀረሁ። ያደርንበት ቤት ሴትዮዋ አጎዛ ሰጠችኝ፤ ከሱ ካፖርት ሥር ሁለታችን ተጠቅልለን ተኛን።

ጠዋት በሩን ስከፍት መሬቱ ነጭ ነው። የገብሱ ቃርሚያ፣ የድንጋዩ ካብ፣ መንገዱ፣ ሁሉም ነጭ። «ወዳጆ! ተነሥ፣ ጨውህን ደፍተውብሃል!» ብዬ ጮህኩ። እየሮጠ ወጣ፤ አየ፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሳቀ። ሆዱን ይዞ መሬት ተቀመጠ። የቤቱ ሰዎች ወጥተው «ምን ሆኑ?» ሲሉ መናገር አቅቶት በእጁ እኔን ያሳያቸዋል። ውርጭ ነው፤ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። በጣቴ ነካሁት፤ ቀመስኩትም። ጨው አልነበረም፤ ግን ምላስ ያቃጥላል።

ሴትዮዋ በእንስራ ውሃ አሙቃ ሰጠችው። ኩበት አንድዶ፣ ፍሙን በቆርቆሮ አድርጎ ከሞተሩ ሥር አስገባና ዘይቱ እስኪላላ ጠበቀ። ራዲያተሩን በሞቀው ውሃ ሞላ። ዳለቻ ሁለት ጊዜ አቃሰተችና ተነሣች፤ የመንደሩ ሰው አጨበጨበ። ጨውን ሲያራግፉ ግን የወዳጆ ፊት ጠቆረ። ሸራው ላይ ያደረው ውርጭ ቀልጦ ጨው ውስጥ ገብቷል፤ ጨዋማው ውሃ በጣውላው መሐል ወደ ሻንሲው ይንጠባጠባል። «ደረቅ ጨው ይሻላል። የረጠበ ጨው ነው ብረት የሚበላ» አለኝ። ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑን በየኩርባው በእግሩ እየነካ ይሞክረዋል። ቆቦ ቤታችን እንኳ ሳንደርስ ሮቢት ላይ ከመንገዱ ወጣ፤ በቀጥታ ጎሊና። በርዶኝ፣ ደክሞኝ፣ ባናዬ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ባልዲ አነሣሁ።

እንዲህ ብዙ ዓመት ኖርን። መንግሥት ሲለወጥ አየን፤ የመኪናው ታርጋም ተለወጠ። የሰዉ ሱሪ ጠበበ። የኔ ሱቅ በአዲስ አበባ ዝግጁ ልብስ ሥራ አጣና የመኪና ሸራ ወደ መጠገን ዞርኩ። ወዳጆ ፀጉሩ ሸበተ፤ ዳለቻ ግን ያው ነበረች። ከሷ ጋር የተገዙ መኪኖች ወለላቸው ተቦድሶ መሬት ይታይባቸዋል፤ የሷን ሻንሲ በመዶሻ ቢመቱት ይጮኻል።

ኋላ ግን የዓሰብ መንገድ ነገር ተበላሸ። ምን እንደሆነ እዚህ አልተርክም፤ ትልልቆቹ ሰዎች ያውቁታል። ለእኛ የደረሰን «ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ወዳጆ ያኔ እዚያው ነበር። ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ መንገድ ዳር ወጥቼ ከደቡብ የሚመጣውን መኪና ሁሉ አያለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳለቻን ከሩቅ አወቅኋት። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወደቀ፤ እየሮጥኩ አስፋልቱ መሐል ገባሁ። ቆመች። የጋቢናው በር ተከፈተና የወረደው ደርበው ነው። ደርበው የጎብዬ ልጅ ነው፤ እሱም የዓሰብ ሹፌር፣ የወዳጆ የልብ ጓደኛ። ከሱ በኋላ የሚወርድ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልወረደም።

«ወዳጆስ?» አልኩት።

«ታሟል፤ ወባ ነው። ሐኪም ቤት ተኝቷል። እየተሻለው ነው።»

«ታዲያ ጥለኸው መጣህ?»

ደርበው መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። የቻለ ሁሉ ይውጣ ተብሎ መኪኖቹ ሲሰለፉ የሚነዳውን የሰው መኪና ለጌታዋ አስረክቦ ነበርና ወዳጆን ተሸክሞ ዳለቻ ላይ ሊጭነው መጣ። ሐኪሙ በዚያ በረሃ ከተንቀሳቀሰ መንገድ ላይ ይሞትብሃል አለው። «እኔም አብሬው ልቅር አልኩ። እሱ ነው እንቢ ያለኝ፤ እታለም፣ ቃሉን ልንገርሽ። ‹እኔን ሐኪም ያየኛል፤ ዳለቻን የሚያያት የለም። እዚህ የባሕር አየር ላይ ከቆመች ጨው ይበላታል። ውሰድና ለፋንታዬ ስጣት፤ ትጠባት። እኔ ከሚቀጥሉት ጋር እመጣለሁ› አለኝ።»

አላለቀስኩም። ነጠላዬን አንሥቼ ጋቢና ገባሁ። «ጎሊና ንዳ» አልኩት። ደርበው ከሥር ገብቶ ረጨ፤ እኔ ውሃ አቀበልኩ።

የሚቀጥሉት አልመጡም። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩ ተዘጋ፤ ሰዉ ተለያየ። ጨውም ከዚያ ወዲያ ከአፍዴራ ይመጣ ጀመር። ዳለቻ ግቢያችን ውስጥ፣ ከግራሩ ሥር ቆመች። ቆማ ስትውል ጎማዋ እንዳይሞት ድንጋይ አስገብቼ ከፍ አደረግኋት። ሸራ ሰፍቼ አለበስኳት። ጨው ከእንጨት ውስጥ ወጥቶ አያልቅም፤ ክረምት ሲገባ፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን፣ የካሶኔው ጣውላ ያልበዋል። ጠዋት ወጥቼ በእጄ ሳብሰው መዳፌ ጨው ጨው ይላል። ስለዚህ በየክረምቱ አጥባታለሁ፤ በጀርባዬ እተኛና ሻንሲውን እረጫለሁ፤ ሲደርቅ ዘይት እቀባለሁ። ደርበው በቆቦ ባለፈ ቁጥር የሚነዳውን መኪና ባትሪ ፈትቶ ይመጣና ሞተሯን ያስነሣታል። ሞተሩ እስኪሞቅ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ ከጎኑ እንቀመጣለን። ምንም አናወራም። ሲበቃት ያጠፋታል፤ ባትሪውን ተሸክሞ ይሄዳል። ደላሎች ሊገዟት መጡ፤ «ባለቤቷ ሲመጣ አነጋግሩት» ብዬ መለስኳቸው። ጎረቤቶቼ «ፋንታዬ መኪና ትጠብቃለች» ይሉኝ ጀመር። እኔ መኪና አልጠብቅም ነበር።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ደርበው የላካቸው ሽማግሌዎች መጡብኝ። ደርበው ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነበር። አሮጌ አባት ነበሩ የሚመሯቸው፤ ከተቀመጡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ አንቺም ብቻሽን፣ እሱም ብቻውን። ወዳጆ ነፍሱን ይማረው…» ሲሉ ተነሣሁ።

«አባቴ፣ እንዲህ አይበሉ። ሞተ ያለኝ ሰው የለም።»

«ይኖራል ያለሽስ አለ?»

በመስኮቱ ግቢውን አሳየኋቸው። «ሻንሲዋን ሄደው ይንኩት። አልዛገም። እኔ እንዴት ብዬ ሌላ ሰው አስገባለሁ?» አልኳቸው። ሽማግሌው «እውነትሽን ነው፤ ለቅሶ ያልተለቀሰለት ሰው ትዳሩ አይፈታም» ብለው ዱላቸውን አነሡ።

ደርበው የሚቀር መስሎኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ በር ተንኳኳ፤ ባትሪውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቆሟል።

«ተቀይመሃል?» አልኩት።

«ምን ያስቀይመኛል? በሩን ሰፋ አድርጊልኝ፤ ከባድ ነው» አለኝ። ሞተሩን አስነሣ፤ እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ተቀመጥን። በኋላ ጎብዬ ውስጥ አንዲት መልካም ሴት አገባ። ባትሪውን ግን ከሠርጉም በኋላ አላስቀረም።

ወሬው በገበያ ቀን መጣ። ሁመድ የሚባል አፋር ነው ያመጣው፤ ጨው ሻጭ፣ ሚሌ ላይ ከወዳጆ ጋር ብዙ ጊዜ ሻይ የጠጣ ሰው። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ቤቴ ገብቶ ያውቃል። ያን ቀን ግን ግባ ስለው ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሽርጡን ሰብስቦ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ፋንታዬ፣ ዘመዴ ከማዶ መጣ» አለኝ። «ያኔ ዓሰብ ሐኪም ቤት ውሃ ቀጂ ነበረ። የወዳጆን ነገር ጠየቅሁት። ያውቀዋል።»

ገባኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። መኪናዋ በወጣች፣ ሳምንት ሳይሞላ ነው ያረፈ። ከአገሩ ሰዎች ጋር በደንብ ቀብረውታል። መቃብሩን ዘመዴ ያውቀዋል።»

«ሳምንት ሳይሞላ?» አልኩት። ስንት ክረምት በጀርባዬ ተኝቼ እንዳጠብኩ መቁጠር አልቻልኩም።

«አዎ።»

«ብቻውን ነበር?»

«አይደለም። ዘመዴ አጠገቡ ነበረ። ትኩሳቱ ሲነሣበት ስለ መኪና ብቻ ይጠይቅ ነበር አለ። ‹ባቲን አለፈች?› ይላል።»

«እነሱስ ምን ይሉታል?»

ሁመድ አቀርቅሮ በጣቱ አቧራውን ሲጭር ቆየ። «‹አልፋለች፣ ቤቷ ገብታለች› ይሉታል። እንዲህ ሲሉት ይተኛል።»

ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰው መጣ፤ ግን ሰዉ ግራ ገብቶታል። ለቆየ ሞት እንዴት ይለቀሳል? ወጣቶቹ ወዳጆን አያውቁትም። ሴቶቹ ሙሾ ሊያወርዱ ጀምረው ቃል ያጡና ዝም ይላሉ። ለነሱ የድሮ ሰው ነው፤ ለኔ ያን ዕለት ጠዋት ነው የሞተ። ደርበው ከጎብዬ መጣና ወደ ድንኳኑ አልገባም፤ ሄዶ ግንባሩን የዳለቻ በር ላይ አስደገፈ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት አየዋለሁ። ሴቶቹ «ያ ሰው ማነው?» ሲሉኝ «ወንድሙ ነው» አልኳቸው።

ያን ክረምት አላጠብኳትም። ጣውላው አላበው፤ አልወጣሁም። ሸራው ነፋስ ሲያነሣው ሰማሁ፤ አላሰርኩትም። መስከረም ሲጠባ ከባሌስትራዋ ሥር ቀይ ቅርፊት ወድቆ አገኘሁ፤ በእግሬ አፈር መለስኩበት። የቀረውን በጋ እንዲሁ አሳለፍኩ። ከዚያ የሮቢቱ ይማም መጣ። አያ ይማም የወፍጮ ቤት ሊከፍት ሞተር ሲፈልግ ስለ ዳለቻ ነግረውት ነው። የደላላ ወሬ አላወራም፤ ሞተሯን ከፍቶ ዘይቱን በጣቱ ነካ፣ አሸተተ።

«እትዬ፣ ይህን ሞተር የያዘ ሰው ሰው ነበረ» አለኝ።

«ውሰደው» አልኩት።

ደርበው ነው ያወጣው። ግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ሰንሰለት አንጠልጥሎ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ሞተሩን ከሆዷ ሳበው። ሲጨርስ እጁን በጋዝ እየታጠበ፣ «ሳላመጣት፣ እዚያው ከሱ ጋር ቀርቼ ቢሆን ይሻል ነበር ወይ?» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ጋቢና ውስጥ ዝም ሲል ይህን ሲያስብ እንደ ኖረ ያኔ ነው የገባኝ።

«አይሻልም» አልኩት። «ባታመጣት፣ ‹ባቲን አልፋለች› ብለው የነገሩት ውሸት ይሆን ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ብዙ አየኝ። ከዚያ የወዳጆን ስም ሳንጠራ ቀኑን ሙሉ ስለ እሱ አወራን፤ ስለ ውርጩም ነገርኩት፤ ሳቀ። የቀረውን ብረት ቆራሌዎች ቆርጠው ወሰዱት። ደርበውም ከጥቂት ዓመት በፊት ጎብዬ ላይ ተቀበረ። ሄጄ ቀበርኩት፤ ሚስቱ ከጎኗ አስቀመጠችኝ።

አሁን ቆቦ በየመንደሩ የመብራት ወፍጮ አለ፤ ከኔ ቤት ጀርባ እንኳ አንድ አለ። ሰው «እትዬ ፋንታዬ፣ ባጃጅ ከፍለሽ ሮቢት ድረስ የምትሄጅው ምን ነክቶሽ ነው?» ይለኛል። «የአያ ይማም ወፍጮ አልሞ ይፈጫል» እላለሁ። አያ ይማምም መብራት አስገብቷል፤ መብራቱ በጠፋ ቀን ነው የዳለቻን ሞተር የሚያስነሣው። መብራት የጠፋ ዕለት እኔ ማሽላዬን እሸከማለሁ። ሴቶቹ ሰልፍ ይዘው ጫጫታውን እያማረሩ ጆሯቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ተራዬ ሲደርስ ለኋለኛዋ እለቅላታለሁ፤ ከሷም ለምትቀጥለው። የኔ የመጨረሻ ይሆናል።

ከላቫጆው ሹፌር ጋር በተነጋገርን ማግስት ጠዋት ተነሥቼ ማብሪያውን ስጫነው መብራት የለም። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፤ ባጃጅ ይዤ ሮቢት ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ ሞልቷል፤ ሞተሩ ይጮኻል። ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዱቄታቸውን እየተሸከሙ ሄዱ፤ ሰልፉ ቀለለ፤ በመጨረሻ እኔና አያ ይማም ቀረን። ዱቄት የሸፈነው ቅንድቡን እየጠረገ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ እህልሽ የታለ? ላስገባልሽ።»

ሁለቱንም እጄን አየኋቸው። ምንም አልያዝኩም ነበር። ቁና ማሽላ ሰፍሬ መውጣት እንዳለብኝ ጨርሶ አላሰብኩትም። አፈርኩ።

አያ ይማም እጁን ወደ ማጥፊያው ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። ከውስጥ ዱካ፣ የእንጨት መቀመጫ፣ አምጥቶ ግድግዳው ሥር፣ ከሞተሩ ጎን አኖረልኝ። በቁራጭ ጨርቅ ዱቄቱን ጠረገልኝ።

«ተቀመጪ» አለኝ። «ናፍጣው ገና አላለቀም፤ ሞልቼዋለሁ።»